ምዕራፍ ስድስት፦ በሁለት ቁልፍ ቃልን ከገጽ ስለ መፈለግ

መጽሐፍን በእጁ ይዞ የሚያነብ ሰው ከፊደሉ ሌላ ብዙ መሪ አለው፤ የጥራዙ ውፍረት ስንት እንዳለፈና ስንት እንደ ቀረ ይነግረዋል፣ የሚፈልገው ዐረፍተ ነገር በገጹ ራስጌ ወይም ግርጌ እንደ ነበረ ዐይኑ ያስታውሰዋል፣ የታጠፈ ጠርዝ ወይም በእርሳስ የተሰመረ መስመርም ይጠቁመዋል። በኮምፒዩተር የሚነበበው ድረ ገጽ ግን ቅጠል የሌለው፣ ከላይ ወደ ታች ሳይቋረጥ የሚወርድ ስለ ሆነ፣ ርዝመቱ መቶ የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል ሕግ ወይም ታሪክ እንኳ ቢሆን በአንድ ጊዜ ለዐይን የሚገለጠው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ስለዚህም ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንዲት ቃል ለማግኘት ሲሻ፣ የማውሱን መንኰራኵር በጣቱ እያሽከረከረ፣ ዐይኑን ከመስመር ወደ መስመር እያሯሯጠ ሲደክም ይታያል፤ ድካሙም ከንቱ የሚሆነው፣ ማሽኑ ራሱ ይህን ሥራ በቅጽበት ሊፈጽምለት ዝግጁ ሆኖ ሳለ ባለቤቱ ሳያዝዘው በመቅረቱ ነው።

ትእዛዙ አጭር ነው። በኪቦርዱ ግራ ጥግ ያለውን ኮንትሮል የተባለውን ቁልፍ ተጭነው ሳይለቁ ኤፍ የተባለውን የላቲን ፊደል ይመቱታል፤ በአፕል ኮምፒዩተር ላይ የኮንትሮልን ሥራ የሚሠራው ኮማንድ የተባለው ቁልፍ ነው። ወዲያው በብራውዘሩ ጠርዝ፣ በክሮም ከላይ በስተቀኝ፣ በፋየርፎክስ ከታች፣ ትንሽ ሣጥን ትከፈታለች፤ በእርሷም ውስጥ የሚፈለገው ቃል ገና ተጽፎ ሳያልቅ ማሽኑ ገጹን ቃሉ ወዳለበት ሥፍራ ያደርሰዋል፣ ስንት ጊዜ እንደ ተገኘም በቍጥር ይናገራል። ኢንተርን መምታት ወደሚቀጥለው፣ ሺፍትንና ኢንተርን አብሮ መምታት ወደ ቀደመው ያደርሳል፤ ኤስኬፕ የተባለው ቁልፍ ሣጥኗን ይዘጋል። በክሮም ደግሞ በገጹ ቀኝ ጠርዝ ባለው መንሸራተቻ ላይ ቃሉ የሚገኝባቸው ሥፍራዎች ሁሉ በቀጫጭን ቢጫ ሰረዞች ይታያሉ፤ ይህችን ጌጥ መሳይ ምልክት ልብ የሚላት ጥቂት ሰው ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የምትጠቅመው እርሷ ናት፤ ቃሉ በአንድ ክፍል ተከማችቶ ወይም በገጹ ሁሉ ተበትኖ እንደ ሆነ ገና ሳይነበብ ታሳያለችና።

የዚህ ትእዛዝ አለመታወቅ የሰነፍ ወይም ያልተማረ ሰው ነገር ብቻ አይምሰለን። ሰዎች በኢንተርኔት እንዴት እንደሚፈልጉ ሲያጠና የኖረው የጉግሉ ተመራማሪ ዳንኤል ራስል በ2011 (በዚህ ምዕራፍ የውጭ አገር ነገር የሚነገርባቸው ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ከአሜሪካ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች መካከል ከመቶው 90ው ይህን የቁልፍ ጥምረት እንደማያውቁ ገልጦ ነበር። ብራውዘር በየቤቱ በገባበት፣ ልጆች በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር በሚማሩበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በሌላው ዓለም የሚኖረውን መገመት አያስቸግርም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የኮንትሮልን ቁልፍ ትውልድ መመልከት ይገባል። ይህ ቁልፍ ከብራውዘር ብቻ ሳይሆን ከግል ኮምፒዩተርም በፊት የነበረ፣ መልእክት በሽቦ ከሚያስተላልፈው ቴሌታይፕ ከተባለው የጽሕፈት መኪና የተወረሰ ነው። በ1960ዎቹ በአሜሪካ በተደነገገው አስኪ በተባለው የፊደላት ቍጥር ሥርዓት ኮንትሮል ከአንድ ፊደል ጋራ ሲመታ ፊደሉ አይጻፍም፤ በምትኩ የፊደሉ ተራ ቍጥር ለመኪናው ትእዛዝ ሆኖ ይላካል። ኤፍ ከላቲን ፊደላት ስድስተኛው ስለ ሆነ 6 ቍጥር ይላካል፣ ትርጓሜውም መልእክትህ ደርሶኛል ማለት ነበር፤ ሰባተኛው ጂ በተመታ ጊዜ ደግሞ በወዲያኛው ከተማ ባለው መኪና ላይ እውነተኛ ደወል ይደወል ነበር። ዛሬ በክሮምም ሆነ በፋየርፎክስ ኮንትሮልንና ጂን አብሮ የሚመታ ሰው ደወል አይሰማም፤ የፈለገው ቃል ወደሚገኝበት ቀጣይ ሥፍራ ይደርሳል። ቁልፉ ጸንቶ ሥራው ተለወጠ ማለት ነው፤ ኤፍም ይህን ሹመት ያገኘው በእንግሊዝኛ የፈልግ ትእዛዝ መነሻ ፊደል በመሆኑ እንጂ በሌላ ምሥጢር አይደለም።

መፈለግ ራሱ ግን ከሽቦና ከደወል እጅግ ይቀድማል፤ ጽሑፍ በበዛበት ሁሉ ሰው ከጽሑፉ መካከል የሚሻውን የሚያገኝበት ብልሃት ሲያበጅ ኖሯል። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቍጥር በተከፋፈሉ ክፍሎች እያመሳከረ በማቴዎስ የተነገረው ነገር በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ የት እንደሚገኝ የሚያሳዩ ዐሥር ሠንጠረዦች ሠራ፤ እነዚህም ሠንጠረዦች በዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም በተጠበቁት ጥንታውያን ወንጌላት መጀመሪያ ላይ፣ በቀለም ባጌጡ ዐምዶችና ቅስቶች ሥር ተጽፈው እስከ ዛሬ ይታያሉ። የሚመለከታቸው ሰው ሥዕሉን ያደንቃል፤ ነገር ግን ሥዕሉ የተሠራው ለመፈለጊያ መሣሪያ ቤት ሆኖ ነው። ከዚህም ሌላ የብራና መጻሕፍታችን ጸሐፍት የክፍሉን መነሻና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ፣ ተፈላጊው ንባብ ባለበት ቅጠል ጠርዝ ላይም ባለቀለም ክር ይሰፉ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሊቁ ራሱ ነበረ፤ ዳዊቱን ወይም መጻሕፍተ ሐዲሳትን ቃል በቃል በልቡ የያዘ መምህር አንድ ቃል ሲጠሩለት ቃሉ የሚገኝበትን ሥፍራ ሁሉ መጽሐፍ ሳይገልጥ ይዘረዝራልና፣ እንዲህ ያለ ሰው በነበረበት ጉባኤ የቃላት ማውጫ አላስፈለገም።

በምዕራቡ ዓለም ግን ማውጫው አስፈለገ። በ13ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ የዶሚኒካውያን ገዳም ሁጎ ዘሴንት ሼር የተባለ መነኵሴ ወንድሞቹን አሰማርቶ የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ከነሥፍራቸው በፊደል ተራ አስጻፈ፤ በዚያን ጊዜ የቍጥር መለያ የነበረው ለምዕራፍ እንጂ ለእያንዳንዱ ጥቅስ ስላልነበረ፣ አንዱን ምዕራፍ በአሳብ ሰባት ቦታ ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል በፊደል ይጠሩት ነበር። በ1737 አሌክሳንደር ክሩደን የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እንዲሁ አዘጋጀ። የእነዚህን ሁሉ ሥራ ከእኛ ዘመን ማሽን ጋራ ያገናኘው ደግሞ ጣልያናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ሮቤርቶ ቡዛ ነው። ቡዛ በነገረ መለኮቱ ሊቅ በቶማስ ዘአኵይኖስ መጻሕፍት ስለ ህላዌ፣ ማለት በአንድ ሥፍራ ስለ መገኘት፣ የተነገረውን ሲመረምር ነገሩ የተሸሸገው በታላላቆቹ ቃላት ሳይሆን «ውስጥ» የሚል ትርጓሜ ባላት በአንዲት ኢምንት መስተዋድድ እንደ ሆነ ተረዳ፤ እንዲህ ያለችውን ቃል ግን ማንም ማውጫ አዘጋጅ ከቍም ነገር ቆጥሮ አይመዘግባትም። ስለዚህ በ1949 አይቢኤም ወደተባለው የማስሊያ መኪና ኩባንያ አለቃ ወደ ቶማስ ዋትሰን ሄዶ ርዳታ ለመነ፤ 11 ሚሊዮን የሚያህሉ ቃላትም በካርድ እየተበሱ ተመዝግበው፣ ሥራው ወደ 30 ዓመት ፈጅቶ በ56 ጥራዝ ታተመ። ዛሬ የትኛውም ተማሪ በሁለት ቁልፍ የሚያገኘው ጸጋ ይህ ነው፤ ታናሽ ቃል፣ ታላቅ ቃል ሳይባል፣ ማንም አስቀድሞ ሳያወጣውና ሳይመዘግበው፣ የተጠየቀው ሁሉ ይገኛል።

ማሽኑ ይህን የሚያደርገው ገጹን እንደ ሰው እያነበበ አይደለም። ለማሽኑ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቍጥር ነው፤ የሚያደርገውም የተሰጡትን ቍጥሮች በተሰጡት ተራ ከገጹ ቍጥሮች ጋራ ማስተያየት ብቻ ነው። ይህንም የሚያፋጥኑ ብልሃቶች አሉ፤ ከእነርሱ ውስጥ ሮበርት ቦየርና ጄ ስትሮዘር ሙር በ1977 ያሳተሙት እጅግ ያስደንቃል። «መሬት» የሚለውን ቃል ፈልግ የተባለ ማሽን በዚህ ስልት ከገጹ የመጀመሪያውን ፊደል ትቶ በቀጥታ ሦስተኛውን ያያል፤ ሦስተኛው «ላ» ቢሆን፣ «ላ» በ«መሬት» ውስጥ ጨርሶ ስለሌለ፣ ያለፉትን ሁለቱን ሳያያቸው ስድስተኛው ላይ ይዘልላል። ስለዚህ የሚፈለገው ቃል በረዘመ መጠን ዝላዩ ይረዝማል፣ ሥራውም ይፈጥናል፤ ሰው ሲፈልግ ግን ረጅሙ ቃል ያደክመዋል። ብራውዘሮች ዛሬ የየራሳቸው ስልት ቢኖራቸውም፣ ሁሉም የሚያስተያዩት ፊደልን እንጂ ትርጓሜን አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ለአብነት የኢትዮጵያን ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት እንውሰድ፤ በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀ፣ 106 አንቀጾች ያሉት ሰነድ ነው። ስለ መሬት የተደነገገውን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ንብረት መብት የሚናገረው አንቀጽ 40 እንደ ሆነ ሰምቶ ያንኑ አንብቦ ይመለሳል። ቃሉን በሣጥኗ ውስጥ የጻፈ ግን የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን በሚዘረዝረው በ51፣ የክልሎችን ሥልጣን በሚናገረው በ52፣ ስለ ኢኮኖሚ ዓላማዎች በተጻፈው በ89ም መሬት መጠቀሱን ያያል፤ ሊጠይቅ ያላሰበውን ጥያቄም ይጠይቃል። ነገር ግን ይኸው ሰው «መንግስት» ብሎ ቢጽፍ፣ ሰነዱም በጥንቃቄ «መንግሥት» እያለ የተጻፈ ቢሆን፣ ቃሉ በየገጹ ተደጋግሞ ሳለ ማሽኑ ዜሮ ብሎ ይመልስለታል። ወደ አንቀጽ 4 ለመሄድ «አንቀጽ 4» ብሎ የጻፈ ደግሞ ከ40 እስከ 49 ያሉት ሁሉ ተሰልፈው ይመጡበታል፤ ማሽኑ የጠየቁትን ፊደላት አገኘ እንጂ ልብን አልመረመረምና።

ወደ አማርኛችን ስንመጣ የሚያስቸግሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በአንደበታችን አንድ ሲሆኑ በማሽኑ ዘንድ የተለያዩ ቍጥሮች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት ቍጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት፣ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ የየራሱ ቍጥር ተሰጥቶታልና። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብንወስድ የመጀመሪያው ፊደል በስድስት ዐይነት፣ ሥ በሁለት፣ ሴም በሁለት ሊጻፍ ስለሚችል 24 አጻጻፍ ይወጣዋል፤ ሁለቱን ቃላት አያይዞ የሚጽፍ ስላለ ይህ 48 ይሆናል። አብዛኛው እርግጥ ማንም የማይጽፈው ነው፤ ሆኖም አራት አምስት የሚሆነው በየቀኑ በየጽሑፉ ይታያል። ጥበቡ እንግዲህ ከቃሉ መካከል ሞክሼ የሌለበትን ክፍል መርጦ መጠየቅ ነው፤ «ይለ» ብሎ የጻፈ ኃይለንም ሀይለንም፣ «ለማየ» ብሎ የጻፈ ዓለማየሁንም አለማየሁንም ያገኛል። «ፀሐይ» የሚል ስም የሚፈልግ ሰው ግን ከ«ይ» በቀር ከሞክሼ ነጻ የሆነ ፊደል ስለማያገኝ፣ ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሀይ እያለ በየተራ ከመሞከር በቀር ማምለጫ የለውም።

ስለ እነዚህ ፊደላት ሊቃውንታችን ብዙ ተከራክረዋል፤ ግማሹ ትርፎቹ ይቀነሱ ሲል ግማሹ የግእዙ ምሥጢር እንዳይጠፋ ይጠበቁ ይላል። እኔ የጥንቱ አጻጻፍ ወገን ነኝ፤ ለማሽኑ ስንል ፊደል እንቀንስ የሚለው አሳብ ነገሩን መገልበጥ ይመስለኛል። ክሮም በላቲን ፊደል ትልቁንና ትንሹን ሆሄ፣ ፈረንሳዮች በአናቱ ምልክት የሚያደርጉበትን ኢ እና ምልክት የሌለውን፣ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ይቈጥራል፤ ይህን ለእነርሱ ያደረገ መሐንዲስ ሠንና ሰን በፍለጋ ጊዜ ብቻ እንዲያስተካክል ቢደረግ ጸሐፊው አጻጻፉን፣ ፈላጊውም ፍለጋውን ሳይጐዱ ይቀጥላሉ።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይረቅቃል፤ የሚመነጨውም ከሞክሼዎቹ ሳይሆን ከፊደላችን ከራሱ ጠባይ ነው። በእንግሊዝኛ የብዙ ቍጥር ምልክት በቃሉ ጫፍ ሲጨመር ቃሉ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ስለሚቀር፣ ነጠላውን የጻፈ ብዙውንም ያገኛል። በአማርኛ ግን «ቤት» ቤቱ፣ ቤቶች፣ ቤታችን፣ ቤቴ ሲሆን ሳድሱ ት ወደ ቱ፣ ወደ ቶ፣ ወደ ታ፣ ወደ ቴ ይለወጣል፣ እነዚህም ለማሽኑ ከት ጋራ ዝምድና የሌላቸው ባዕዳን ናቸው። «ገበሬ»ን የመሰለ በሳድስ የማይጨርስ ቃል ገበሬው፣ ገበሬዎች ሲል መልኩን ስለሚጠብቅ አያስቸግርም፤ በሳድስ የሚጨርሰውን ግን የመጨረሻውን ፊደል ቈርጦ መጠየቅ ይሻላል። ሞክሼውን ሥ ጭምር ቈርጦ «መንግ» ብሎ የጻፈ መንግሥትን፣ መንግስትን፣ መንግሥቱን፣ መንግሥታትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰበስባል። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ የመሳሰሉት በመነሻ የሚገቡት ግን ምንም አያደርጉም፣ ማሽኑ በቃል መካከልም ይፈልጋልና፤ በፋየርፎክስ ሙሉ ቃል ብቻ ይፈለግ የሚለው ምርጫ በርቶ ከሆነ ብቻ «በመንግሥት» ይዘለላል፣ ስለዚህ አማርኛ የሚፈልግ ሰው ይህን ምርጫ አጥፍቶ መጀመሩ ይበጃል።

ግሥ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። የዚህ ምዕራፍ ርእስ የሆነውን ግሥ ራሱን ብንፈልግ፣ «ፈለ» ፈለገንና መፈለግን፣ «ፈል» ፈልጎንና ይፈልጋልን፣ «ፈላ» ፈላጊንና ተፈላጊን ያመጣል፤ «ፍለጋ» ግን ከሦስቱም ያመልጣል። «ፈላ» ብሎ የጠየቀም ውሃው ፈላ የሚለውን፣ ከዚያም አልፎ ፈላስፋን ሳይጠራው ያገኘዋል። ኬን ቶምፕሰን በ1973 በሠራው ግሬፕ በተባለው መሣሪያና በመሰሎቹ የፕሮግራም ሰዎች «ፈ፣ ቀጥሎም ከለ፣ ከል ወይም ከላ አንዱ» ብለው በአንድ ትእዛዝ የሚጠይቁበት ቋንቋ አላቸው፤ የብራውዘሩ ሣጥን ግን ይህን አትቀበልም፣ ስለዚህ በየተራ ከመጠየቅ በቀር መንገድ የለም።

ቃሉ በዐይን እየታየ ማሽኑ ዜሮ ሲል ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። የቈየ ነጋሪት ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ በፎቶግራፍ ተነሥቶ የተጫነ እንደ ሆነ በገጹ ላይ ያለው የፊደል ሥዕል እንጂ ፊደል አይደለም፤ ለመለየት ጽሑፉን በማውስ ጐትቶ መምረጥን መሞከር በቂ ነው፣ ፊደሉ ለብቻው ካልተመረጠ ሥዕል ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተዘጋጁ ሰነዶች ደግሞ ይመረጣሉ፣ ነገር ግን ከውስጥ የላቲን ቍጥር ይዘው ከላይ የግእዝ መልክ የለበሱ ስለ ሆኑ ሲገለበጡ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይወጣቸዋል፤ በእነዚህ ላይ ፍለጋ አይሠራም። እንደዚሁም ወደ ታች በተወረደ ቍጥር ገና እየተጨመሩ የሚመጡ ገጾች አሉ፤ ማሽኑ የሚፈልገው እስካሁን የመጣውን ብቻ ስለ ሆነ፣ በእነርሱ ላይ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው መውረድ ግድ ይሆናል። አራት ነጥብን በአንድ ቁልፍ መጻፍ ያላወቁ ብዙ ሰዎች ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመቱ ስለሚያስመስሉትም፣ ሥርዓተ ነጥብን ከሚፈለገው ሐረግ ጋራ መጨመር ከንቱ ነው።

በስልክ ለሚያነበው፣ ማለት ዛሬ ለአብዛኛው የአማርኛ አንባቢ፣ ኮንትሮል የሚባል ቁልፍ የለም። በአንድሮይድ ክሮም በላይኛው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ «ፋይንድ ኢን ፔጅ» የሚለውን መምረጥ፣ በአይፎን ሳፋሪ ደግሞ የማጋሪያውን ምልክት ነክቶ «ፋይንድ ኦን ፔጅ» የሚለውን መፈለግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ሞክሼውም ሳድሱም ጭምር፣ በኮምፒዩተሩ ላይ እንደ ተነገረው ነው።